የታጠፈ ሸራ

ባሕር በሌለው አገር ተወልዶ ስለ ጀልባ ሸራ መጻፍ ድፍረት ይመስል ይሆናል፡፡ ዳሩ ግን ነፋስ የማይነፍስበት ኑሮ የለምና፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝ፡፡

ባለ ሸራ ጀልባ ነፋስ ሲበረታባት ሸራዋ መቀነስ አለበት፤ አለዚያ ያው የሚያስኬዳት ነፋስ ያጋድማታል፡፡ በተለመደው አሠራር ጀልበኛው ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ማዕበል በሚያጥበው ወለል ላይ እየዳኸ እስከ ምሰሶው ይሄዳል፡፡ እዚያም ሸራውን በከፊል አውርዶ፣ የተረፈውን ጨርቅ ጠቅልሎ በአጫጭር ገመዶች ያስራል፡፡ በጨለማ፣ ለብቻ፣ በረጠበ እጅ ይህን ማድረግ ምን ያህል እንደሚያስፈራ መገመት አያዳግትም፡፡

የብሪታንያ ባሕር ኃይል ጦር መኮንን የነበረው ኸርበርት ሃስለር ጄስተር የምትባል 7.6 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ጀልባ ነበረችው፡፡ የቀድሞ ሸራዋን አስወግዶ የቻይና ሸራ ሰቀለላት፡፡ ይህ ሸራ ከዳር እስከ ዳር በተጋደሙ ዘንጎች የተከፋፈለ ነው፡፡ የሰቀለው ገመድ ሲላላ በራሱ ክብደት ይወርድና እንደ መስኮት መጋረጃ እጥፍ እጥፍ እያለ ይደራረባል፡፡ ገመዶቹ በጀልባዋ መካከል ወዳለው ክብ መውጫ ስለሚደርሱ፣ ሃስለር ከዚያው ብቅ ብሎ ሸራውን ይቀንስ ነበር፡፡

እ.ኤ.አ. በ1960 በእያንዳንዳቸው አንድ ሰው ብቻ የተሳፈረባቸው አምስት ጀልባዎች አትላንቲክን ወደ አሜሪካ ሲያቋርጡ፣ ፍራንሲስ ቺችስተር በ40 ቀናት አንደኛ ሆነ፡፡ ሃስለር በትንሿ ጄስተር በ48 ቀናት ተከተለው፡፡

እኔን የገረመኝ ግን ደረጃው አይደለም፡፡ ሰው የነፋሱን መበርታት ያያል፤ ወደ ምሰሶው የሚወስደው መንገድ ነው የሚከብደው፡፡ «ጥቂት ልጠብቅ፣ ይበርድ ይሆናል» እያለ ይዘገያል፡፡ ሃስለር ያንን መንገድ አስቀረው፡፡

ቀን ቀን ባንክ ቤት የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እጽፍ ነበር፡፡ የእናቴ ግማሽ አካል አልታዘዝ ካላት ከዓምና ወዲህ ግን ምሽቱ የእርሷ ሆኗል፤ ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ መስጠት፡፡ ረጅም ግጥም የምጽፍበት ጠረጴዛ ያለው በሌላኛው ክፍል ነው፡፡ ወደዚያ ብሄድ ጥሪዋን አልሰማም፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፡፡

ስለዚህ ደብተሬን ወደ አልጋዋ ራስጌ አመጣሁት፡፡ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ አራት ስንኝ እጽፋለሁ፤ ሌሊቱ ከከበደ ሁለት፡፡ ወዳጆቼ «ግጥም ተውክ ወይ?» ይሉኛል፡፡ አልተውኩም፤ የታጠፈ ሸራም ጀልባ ያስኬዳል፡፡

ትናንት ማታ ሁለቱን ስንኞች አነበብኩላት፡፡ በደኅናው እጇ «ጨምር» የሚል ምልክት ሰጠችኝ፡፡

ነፋሱ ረገብ ያለ ዕለት እጨምራለሁ፣ እማዬ፡፡