ኪቤራን በካርታ ላይ ያሰፈሩ ልጆቿ

ለዛሬ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ዋና ከተማ ወደ ናይሮቢ እንወስዳችኋለን። ከመሐል ከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ፣ የባቡር ሐዲድ በቆርቆሮ ጣራዎች መካከል የሚያልፍበትን የኪቤራን ሠፈር ታገኛላችሁ። ስሙ የመጣው ጫካ ከሚል የኑቢያውያን ቃል ነው። በእንግሊዞች ጦር ያገለገሉ የሱዳን ወታደሮች ከመቶ ዓመት በፊት ሲሠፍሩበት ቦታው በእርግጥም ደን ነበር። የሚገርመው ግን ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ከኖረበት በኋላም በብዙ ካርታዎች ላይ ባዶ ሆኖ መቆየቱ ነው።

የዚህን ችግር እናንተ እናቶች አታጡትም። ልጅ በሌሊት ሲያተኩሰው የትኛው ክሊኒክ ቅርብ ነው? ውኃ በጀሪካን የሚሸጠው የት ነው? ነዋሪው በቃሉ ያውቀዋል፤ በጀት የሚደለድለው ሹም ግን ከምን ላይ ያየዋል?

እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ላይ የሠፈሩ ወጣቶች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ከሳተላይት ምልክት የሚቀበል አነስተኛ መሣሪያ ይዘው በየጉራንጉሩ ተሠማሩ። የውኃ ቦታውን፣ መጸዳጃውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ክሊኒኩን እየመዘገቡ ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው የኮምፒዩተር ካርታ ላይ አሰፈሩት። ይህ ካርታ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን ማንም ሰው በነፃ ሊያርመው ይችላል።

«ሁሉም የሚነካው ነገር አይበላሽም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ የዕድር ጸሐፊ የተሳሳተውን ሰርዛ በጎኑ ትጽፋለች እንጂ ገጹን ቀድዳ አትጥልም። ካርታውም እንዲሁ ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘገባል፤ የቀድሞው ስለማይጠፋ ስሕተት ቢገባ መመለስ ይቻላል። ሁለት ሰዎች አንዱን ክሊኒክ በአንድ ጊዜ ሲያርሙ ደግሞ የኋለኛው ዝም ብሎ አይተካም፤ ሁለቱ ተነጻጽረው እንዲመረጥ ይጠየቃል።

በእኛ አስተያየት ከመሣሪያው ይልቅ ይህ መዝገብ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 በኪቤራ መካከል መንገድ ለማውጣት ብዙ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ፈረሱ። እንዲህ ሲሆን ካርታው ቶሎ ካልታረመ እናት ልጇን ይዛ ወደሌለ ደጃፍ ትሄዳለች። ሲታረምም የቀድሞው መዝገብ ስለሚቀር፣ አንድ ጊዜ የሠፈረ ትምህርት ቤት በየት በኩል ቆሞ እንደነበረና በየትኛው ቀን እንደተሰረዘ ከዓመታት በኋላም ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።