ስለ 7517

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለምን ለማግኘት በዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ይጨምራሉ፤ ስለዚህ 2017 ዓ. ም. በእነርሱ ቈጠራ 7517 ነበር። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግሁ ይህን ሒሳብ ያገኘሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ባገኘሁትም ጊዜ እጅግ ወደድሁት። የፀሐይ ዐውድ 28 ዓመት፣ የአበቅቴ ዐውድ 19 ዓመት ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 532 ይሆናል፤ አጽዋማትና በዓላትም በ532 ዓመት ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሳሉ። ይህ 28 ራሱ ፍጹም ከሚባሉት ቁጥሮች አንዱ ነው፤ ያለ ትርፍ የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 4፣ 7ና 14 ሲደመሩ መልሰው 28 ይሆናሉና።

7517 ግን ከሌላ ወገን ነው። በዚያው ዓመት መርሳ ውስጥ በደጄ ለሚሰበሰቡ ልጆች ቁጥሩን በሰሌዳ ጽፌ «አካፋይ ፈልጉለት» አልኋቸው። መጨረሻው 7 ስለ ሆነ 2ና 5 ወዲያው ወደቁ፤ አኃዞቹ ሲደመሩ 20 ስለሚሆኑ 3ም ወደቀ። በ7 ሲካፈል 6፣ በ11 ሲካፈል 4፣ በ13 ሲካፈል 3 ተረፈ። ድካሙ እስከ 83 ብቻ ነው፤ 87 በ87 ሲባዛ ከ7517 ስለሚበልጥ፣ ቁጥሩ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ አንዱ ከ87 ባነሰ ነበር። እስከ 83 ደረሱ፤ አንድም አልተገኘም። ከ1ና ከራሱ በቀር በምንም የማይካፈል ብቸኛ ቁጥር ነው። 2017ም እንዲሁ ብቸኛ ነው (ይህን ራሳችሁ ሞክሩት፤ 43 ላይ ስትደርሱ ታቆማላችሁ)።

ከልጆቹ መካከል በ2014 ዓ. ም. ጦርነት ታላቅ ወንድሙን ያጣ አንድ ጐረምሳ ነበረ። ሌሎቹ ሲሄዱ እርሱ ቀርቶ «ጋሼ፣ የ2014 ቁጥር 7514 ነው፤ በ13 ይካፈላል። 13 ክፉ ነው ይባላል። አስቀድሞ የተጻፈብን ይሆን?» አለኝ።

ሒሳቡ ልክ ነበረ። የ13 ፍርሃት ከፈረንጅ አገር የመጣ እንደ ሆነ፣ የእኛ ዓመት ራሱ 13 ወር እንዳለው ልነግረው እችል ነበር፤ ነገር ግን ላዘነ ልጅ ይህ ቀልድ ይመስላል። ጠመኔውን ሰጥቼ «7501ን ሞክረው» አልሁት። 577 ደረሰው፤ ትርፍ የለም።

«ይህ 2001 ዓ. ም. ነው፤ በዚያ ዓመት መርሳ ጦር መጣባትን?»

«እኔ የአንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ ግን ደግ ዓመት ነበረ ትላለች።»

«በየ13 ዓመቱ አንዱ እንዲህ ይካፈላል። ጦርነቱን ያመጡት ሰዎች ናቸው፤ ቁጥሩ ምንም አላደረገ።»

ጥቂት ዝም ብሎ በ7514 ላይ 13 ጨመረ፤ 7527 ሆነ። ከዚያም 5500 ቀንሶ 2027 ጻፈና «ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመት ይሆነኛል» አለ።