የእንጦጦ ዳገት፤ ለሰውነት ጤና፥ ለልቡና ታሪክ

ለሰው ልጅ ከሀብት ሁሉ የሚበልጠው ጤና መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ዳሩ ግን ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጦ መዝገብ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ይህን ሀብቱን ቀስ በቀስ እንደሚያባክነው ልብ የሚለው ጥቂት ነው። እኔም ከእነዚያ አንዱ ስሆን፥ ከወንበሬ ያስነሣኝ ሐኪም ሳይሆን የዐሥራ አራት ዓመት ልጄ ናት። በትምህርት ቤትዋ በተደረገው ሩጫ ባልንጀሮችዋን በመቅደምዋ፥ በእንጦጦ ዳገት ከሚለማመዱት ጋር ትሮጥ ዘንድ እንድፈቅድላት ለመነችኝ። እናትዋ ስለ ትምህርትዋና ስለ ደኅንነትዋ ሠጋች፤ እኔም ሰው ምን ይለናል ብዬ አመነታሁ። በመጨረሻ ግን ያላየሁትን መንገድ ልከለክልም ልፈቅድም አይገባኝም ብዬ፥ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ አብሬያት ወጣሁ። ያየሁት ነገር ልጅ ላላቸው አንባቢዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ ጽፌዋለሁ።

የተነሣነው ከስድስት ኪሎ አደባባይ ነው። በዚያ የቆመው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት በፋሺስቶች እጅ ያለቁትን የአዲስ አበባ ሰዎች ያስታውሳል። በአጠገቡ ያለው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኖ፥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኝበታል። ልጄ ለመሮጥ ስትቸኩል «ቆዪ ልጄ፤ በሙታን ፊት አስቀድሞ ይቆማል» አልኋትና ጥቂት ጸጥ ብለን ቆምን። ከዚያም የአገር ልብስ እስከሚሸጥበት እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ በእርምጃ ሄድን፤ ሰውነት ሳይሞቅ ዳገት መጀመር ጅማትን ይጎዳልና።

ከሽሮ ሜዳ በላይ መንገዱ ጠባዩን ይለውጣል። አዲስ አበባ ራስዋ በመካከልዋ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የእንጦጦ ራስ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሲሶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ልብ ይፈጥናል፥ ደረት ይጠብባል፥ እግርም ይከብዳል። ሰው ግን ለብዙ ሳምንታት በትዕግሥት ቢለማመድበት፥ ኩላሊት በሚያመነጨው ንጥረ ነገር አማካይነት በደም ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆኑት ቀይ ሕዋሳት ይበዛሉ። ሯጮች ይህን ዳገት የሚመርጡት ስለዚሁ ነው። እኔ ግን ያን ጠዋት ይህን ሁሉ ዕውቀት ይዤ ገና አጋማሹ ላይ ሳልደርስ በድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ ልጄም ወደ ፊት እየሮጠች ወደ ኋላ እየተመለሰች ትጠብቀኝ ጀመር።

በዙሪያዬ የነበረው ዛፍ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ በቈረቈሩ ጊዜ የአገሩ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ አለቀ። እንጨቱ በማነሱም ምክንያት በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ ሆኖ ሲገኝ ግን ከተማይቱ በስፍራዋ ጸናች፤ የተራቈተውም ተራራ እንደ ገና ለመለመ።

በተቀመጥሁበት ሳለሁ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከቁመታቸው የሚሰፋ የእንጨት ሸክም በጀርባቸው አዝለው ጎንበስ ብለው ቁልቁል መጡ። እኔ ባዶ እጄን የወጣሁ ሰው ትንፋሼ ተቈራርጦ ስቀመጥ፥ እሳቸው ከነሸክማቸው ያልፋሉ። አፍሬ ተነሣሁና «እናቴ፥ እንደ ምን አደሩ?» አልኋቸው። ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንደ ምን አደሩ ጌታዬ?» ብለው፥ ልጄን ትኵር ብለው ከተመለከቱ በኋላ «ልጅዎ ለዳገቱ ተፈጥራለች፤ ቁልቁለቱን ግን አያስቸኩሏት፤ ጉልበት የሚሰበረው በቁልቁለት ነው» አሉኝ። ልጄ ሸክማቸውን ለማገዝ እጅዋን ብትዘረጋ «ተይ ልጄ፥ እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንቺ ሩጪ» ብለው ሄዱ። በዚህ ዳገት ላይ ከሯጮች በፊት ለብዙ ዘመን የወጡና የወረዱ እንደ እሳቸው ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ሜዳልያ ያጠለቀላቸው ግን የለም።

ከላይ ስንደርስ የእንጦጦ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በዚህ ነው። በአጠገቡ ያለው ሙዚየምና ከጭቃና ከእንጨት የተሠራው የቀድሞ ቤተ መንግሥታቸው የዚያን ጊዜ ኑሮ ምን ያህል ቀላል እንደ ነበረ ያሳያል። ስፍራው ለጦር ምሽግነት የተመቸ ሲሆን ብርዱ የጸና፥ እንጨትና ውሃውም የራቀ ስለ ነበረ፥ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች። እንግዲህ ነገሩ ያስደንቃል፤ ከተማውን ያስለቀቀው የተራራው ብርድና ከፍታ፥ ዛሬ ሯጩን የሚጠራ ሆነ። ከተራራው ጫፍ በስተሰሜን የሱሉልታ ሜዳ ይታያል፤ በዚያ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ሙገር፥ ብሎም ወደ ዓባይ ሲሄድ፥ በአዲስ አበባ በኩል የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ለእግረኛ የሚመች መንገድ አለው።

በዚያ ሳለን ልጄ ስለ አበበ ቢቂላ ጠየቀችኝ። የክቡር ዘበኛው ወታደር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ከተማ የማራቶንን ሩጫ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በሮጠበትም መንገድ ላይ ፋሺስቶች ከአገራችን ወስደው ያቆሙት የአክሱም ሐውልት ነበረ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ቆሟል። «አባባ፥ ሴቶችስ?» ብትለኝ በአርሲ በቆጂ ስለ ተወለደችው ስለ ደራርቱ ቱሉ ነገርኋት፤ እርስዋም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የዐሥር ሺህ ሜትሩን ሩጫ አሸንፋ፥ ከጥቁር አፍሪቃውያን ሴቶች የመጀመሪያይቱ የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ባለቤት ሆነች። ይህን ስናገር «ሰው ምን ይለናል» ያልሁት ነገር በራሴ ፊት አሳፈረኝ።

ስንመለስ የሴትዮዋን ምክር ጠበቅን። ቁልቁለት ሲወረድ የጭን ሥጋ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ስለሚገታ፥ ሕመሙ በማግሥቱ ይብሳል፤ ስለዚህ እርምጃን ማሳጠርና ቀስ ማለት ይገባል። ደግሞም ይህን መንገድ ለመሞከር ለምትፈልጉ ሁሉ የምመክረው አለ። ብቻችሁን አትውጡ፤ ጅብ ገና ወደ ጉድጓዱ ሳይመለስ በጨለማ አትነሡ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታልና ጫማችሁ የሚጨብጥ ይሁን፤ በመጀመሪያው ወር ከሩጫው እርምጃው ይብዛ። ልብ ወይም ደረት የሚያማችሁም አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ።

ቤት ስንደርስ እናትዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እኔም ያየሁትን ሁሉ ነገርኋትና ተመካክረን፥ ልጃችን ትምህርትዋን እስካላጓደለች ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን እንድትሮጥ፥ ከሁለቱም ቀን በአንዱ እኔ እንድከተላት ፈቀድን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንነሣ እናትዋም ነጠላዋን አጣፍታ አብራን ወጣች፤ «እስከ ሽሮ ሜዳ ብቻ ነው» አለች፤ ከሽሮ ሜዳም ትንሽ አለፈች።