ንግሥቲቱና የነጻነት ቃል

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳርቻ የተቆረቆረች የደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ ናት። ልዩ ልዩ ቋንቋ ያላቸው ነዋሪዎቿ በገበያና በመንገድ የሚግባቡት የጁባ ዓረብኛ በተባለው ቋንቋ ነው። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻነቷን አወጀች። ዓመት ሳይሞላትም በ2012 አንድ የቴአትር ቡድኗ ወደ ለንደን ተጉዞ፣ 37 የሼክስፒር ተውኔቶች በ37 ቋንቋዎች በቀረቡበት በግሎብ ቴአትር መድረክ «ሲምበሊን»ን በጁባ ዓረብኛ አሳየ። ተውኔቱን የተረጎመው ጆሴፍ አቡክ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የብሪታንያው ንጉሥ ሲምበሊን ለሮማ ግብር እንዲከፍል ይጠየቃል። ንግሥቲቱ የአገሯን ባሕርና ዐለት እያወደሰች፣ ግብሩ እንዳይከፈል አጥብቃ ትከራከራለች። ንግግሯ የአርበኛ ንግግር ይመስላል፤ እርሷ ግን አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ናት። ከቀድሞ ባሏ የወለደችውን ልጅ ለማንገሥ ስትል ለእንጀራ ልጇ መርዝ ታዘጋጃለች፤ የንጉሡንም ሞት ታሴራለች። በመጨረሻ ልጇ ደብዛው ሲጠፋ አእምሮዋ ይታወካል፤ ክፋቷንም ሁሉ ተናዝዛ ትሞታለች።

ይህ ታሪክ ለጁባ ሰዎች የሩቅ ተረት አልነበረም። በዚያው በ2012 መጀመሪያ ላይ፣ ነዳጅ ዘይት በሱዳን ምድር ለማሳለፍ በሚከፈለው ዋጋ ስምምነት በመጥፋቱ፣ ደቡብ ሱዳን ነዳጅ ማውጣቷን አቁማ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶም ሁለቱ አገሮች በሄግሊግ ተዋጉ። ስለዚህ ግብርን እምቢ የሚለው ቃል በጁባ ዓረብኛ ሲነገር ትርጉሙ ከባድ ነበር።

ይሁን እንጂ ተውኔቱ ከዚህ የጠለቀ ትምህርት ይሰጣል። ስለ ነጻነት የሚናገር ሁሉ ለነጻነት የቆመ አይደለም፤ እውነተኛ ቃል ሥልጣንን በሚመኝ ሰው አፍም ይነገራልና። እ.ኤ.አ. በ2013 በጁባ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ፣ የተጣሉት ለነጻነት አብረው የታገሉ መሪዎች ነበሩ። የሕዝቡ መከራ ለዓመታት ከቀጠለ በኋላ በ2018 በአዲስ አበባ የሰላም ስምምነት ተፈረመ።

ሲምበሊንም ጦርነቱን ድል ካደረገ በኋላ፣ ሳይገደድ ግብሩን ለመክፈል ፈቅዶ ከሮማ ጋር ታረቀ። ንግሥቲቱን ያጠፋት የተናገረችው ቃል ሳይሆን፣ በቃሉ ውስጥ የሸሸገችው ምኞት ነው። እንግዲህ አስተዋይ ሰው የተናጋሪውን አንደበት ሰምቶ ብቻ አይፈርድም፤ ሥራውንም ይመረምራል።