«የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ» የሚለው ጓደኛዬ

አንድ ጓደኛ አለኝ። «የየት አገር ልጅ ነህ?» ሲሉት «የአርባ ምንጭ!» ይልና ወሬውን ወደ ዓሣና አዞ ይወስደዋል። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ልጁ የተወለደው ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ዶርዜ ነው። አባቱ ሸማኔ ናቸው። ይኼን ሁለት ዓመት አብራው የቆየች እጮኛው እንኳ አታውቅም። በቀደም «እንዴት ብዬ ልንገራት?» ብሎ ምክር ጠየቀኝ። እኔም «መጀመሪያ ለእኔ አገርህን አሳየኝ» አልኩት።

እናላችሁ፣ ሄድን። አርባ ምንጭን ታውቋታላችሁ፦ ሙቀት፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ የተጠበሰ ዓሣ። ከከተማው ወጥተን የሶዶን መንገድ ትንሽ እንደያዝን ወደ ግራ ታጥፈን ዳገቱን ተያያዝነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ጨንቻ ስትደርሱ ከ2,700 ሜትር በላይ ናችሁ። በቲሸርት የወጣሁት እኔ ፋራው፣ ዶርዜ ስንደርስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር።

ጨንቻን ጉም የዋጣት ተራ የገጠር ከተማ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት። አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ሳትቆረቆር በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ እሷ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ የምትገምጡት «የጨንቻ አፕል»ም ከዚያው ብርድ የሚወርድ ነው።

የጓደኛዬ ቤተሰቦች ቤት ከሩቅ ሲያዩት ቁጭ ዝሆን! በቀርከሃ የተሠራ፣ ከፊቱ እንደ ኩምቢ ወጣ ያለ፣ ከላይ ሁለት ዓይን የመሰሉ የጭስ መውጫዎች ያሉት ነው። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይወድቅም። ቦታ መለወጥ ከተፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞት ይሄዳል። እናትየው በእንሰት ቅጠል የተጋገረ ትኩስ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር አቀረቡልን። ዳጣው ብርዱን አስረሳኝ፤ ዓይኔ ግን አለቀሰ።

አባትየው እግራቸውን ከጉድጓዱ ከተው ይሸምናሉ። ዶርዜ ላይ ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል። እኛ በበዓል ቀን የምንኮራበት ጥበብ ስንቱ ከእነዚህ እጆች፣ ወይም ሽሮ ሜዳ ከሚሸምኑ ልጆቻቸው እጅ እንደወጣ አስቡት። ለብሰነው እያማርን «ሸማኔ» የሚለውን ቃል ግን ለስድብ እናደርገዋለን። ጉድ እኮ ነው!

ታዲያ አባትየው መወርወሪያውን አቆሙና በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ጓደኛዬ ዝም አለ። «ተርጉምልኝ እንጂ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ «እዚያ ከተማችሁ የእኛ ሰው ይከበራል ወይ ነው የሚሉህ» አለኝ።

ምን ልበል? የታየኝ የመስከረም 2011 ነገር ነው። ያኔ ቡራዩ ላይ የጋሞ ልጆች በመገደላቸው የአርባ ምንጭ ወጣት ተቆጥቶ ሊበቀል ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ። «ያን ቀን ያየ ሁሉ ያከብራችኋል» አልኳቸው። ሲተረጉም ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

ማታ እሳት ዳር ስለ ዳን ስፐርበር አጫወትኩት። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዶርዜ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር ጽፏል። ዶርዜዎች «ነብር ክርስቲያን ነው፣ ይጾማል» ይላሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ግን ከብታቸውን ከነብር መጠበቃቸውን አይተዉም! ጓደኛዬ ከልቡ ሳቀ። «ሰውየው ከፓሪስ ድረስ መጥቶ ያጠናውን አንተ ከእጮኛህ ትደብቃለህ?» አልኩት። ሳቁ ቆመ።

ምክሬ ይኼው ነው፦ ለመስቀል ይዘሃት ውጣ። መስቀል ለጋሞ ከበዓል ሁሉ በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ሁሉ ወደ አገሩ የሚመለስበት ነው። ዝሆን የመሰለውን ቤት ትይ፣ ዳጣውን ትቅመስ፣ አባትህ ሲሸምኑ ታግኛቸው። ይኼን አይታ የምትሄድ ከሆነች፣ ቀድሞውንም ያንተ አልነበረችም።

እናንተስ? «የየት አገር ልጅ ነህ?» ስትባሉ የምትዘሏት መንደር አለቻችሁ?