«እሺ ጋሼ»

የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በ1985 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ ግን ብቻውን መሪ አያስጨብጥም፤ ነባሩ ሾፌር «ይችላል» ማለት አለበት። የኔው አስተማሪ ደግሞ ስሳሳት በመፍቻ ጉልበቴን የሚለኝ ሰው ነበር።

ቡና ጭነን ወደ አሰብ ስንጓዝ (መንገዱ በ1990 ሳይዘጋብን) ጣርማበር ላይ መሪውን ለቀቀልኝ። ከዋሻው እንደ ወጣን ቁልቁለቱ ወደ ደብረ ሲና ይጥላል። ከባድ ማርሽ ላስገባ ስል፣ «ዜሮ አድርገው! ናፍጣ ልትጨርስ ነው?» አለ። የተረፈውን ናፍጣ የት እንደሚሸጠው አውቃለሁ። በማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ መኪናውን ይይዛል፤ በዜሮ ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው፤ ሸራው ይግላል፣ ከጋለም አይዝም። ይህንንም አውቃለሁ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ የሚቃጠል ሸራ ሸተተኝ። ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ረግጬ፣ ነዳጅ ሰጥቼ፣ ማርሹን በግድ መለስኩት። በጥፊ አጮለኝ። ደብረ ሲና ቆመን ጎማው ሥር ድንጋይ ሳደርግ ጢሱን አብረን አየነው፤ ቃል ሳይተነፍስ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

አዲስ አበባ ስንመለስ «ትእዛዝ አይሰማም» ብሎ አስጻፈብኝ። ስድስት ወር ጎማ ስፈታ ከረምኩ። እሱም ጥፊውም ተረስተውኛል። ከፊታችን ሕዝብ ጭኖ ይወርድ የነበረውን አውቶቡስ እያየሁ «እሺ ጋሼ» ማለቴ ግን እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።