«አቤት» ያላለው ልጅ

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር ውስጥ፣ በሰፈራችን በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ስብሰባ ተጠርቶ ተገኝቼ ነበር። (የዩኒቨርሲቲ መምህር ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት ምን ትሠራለች ብሎ የሚገረም አንባቢ ካለ፣ የደመወዛችንን መጠን ያልሰማ መሆን አለበት።) ርእሰ መምህርቷ የዓመቱን የሥራ ክንውን በንባብ አሰሙን። ከብዙዎቹ አኃዞች መካከል ሁለቱ ጆሮዬ ውስጥ ቀሩ፤ የተማሪዎች ዕለታዊ መገኘት 98 በመቶ፣ መጠነ ማቋረጥ ዜሮ። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እኔም እጆቼን አንሥቼ ነበር። ነገር ግን ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ማታ ማታ ስለ ወንበር ጓደኛዋ የምትነግረኝ ነገር ትዝ አለኝና እጆቼ አየር ላይ ቀሩ። «ዛሬም አልመጣችም አባዬ። ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት።» ይህን ቃል በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቈጥሬ አላውቅም። ትምህርት ቤቱ ግን ቈጥሮት መሆን ነበረበት።

ከስብሰባው በኋላ የክፍሉን የስም መጥሪያ ደብተር እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። «ዶክተር፣ ምን ሊያደርግልዎ ነው?» ቢሉኝም አልከለከሉኝም። ደብተሩ ንጹሕ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ንጹሕ። የወሩ ምልክቶች በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ አጣጣል፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ወታደር ሰልፍ ተደርድረዋል። የልጄ ጓደኛ አንድም ቀን አልቀረችም። ይባስ ብሎ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በዋለበት በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የክፍሉ ተማሪዎች አንድ ሳይጎድሉ «ተገኝተዋል»።

አልተቈጣሁም። እንዲህ ያለውን ደብተር ሳየው የመጀመሪያዬ አልነበረምና። ከሠላሳ ዓመታት በፊት በገዛ እጄ ሞልቼዋለሁ።

በ1985 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በምትገኝ አንዲት አነስተኛ የገጠር ከተማ የአራተኛ ክፍል ተማሪና የክፍል አለቃ ነበርኩ። አለቅነቱን ያገኘሁት በጉልበቴ ወይም በዕውቀቴ ሳይሆን በእጅ ጽሑፌ ነው። ጠዋት ጠዋት መምህራችን ደብተሩን ይሰጡኛል፤ እኔ ስም እጠራለሁ፤ ያለው «አቤት» ይላል፤ የሌለውን ምልክት አደርግበታለሁ። የሚቀር ልጅ ብዙ ነበር። በኅዳር የጤፍ አጨዳ አለ፤ በታኅሣሥ አውድማው አለ፤ ሐሙስ ገበያ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ ክፍላችን ሞልቶ የሚታየው በሚካኤልና በማርያም ዕለት ነበር። በዓል በመሆኑ የእርሻ ሥራ የተከለከለ ነውና፣ አባቶች ልጆቻቸውን ለመንግሥት የሚለቁት ያን ቀን ነው።

ከሚቀሩት አንዱ የቅርብ ባልንጀራዬ ነበር። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ለአጨዳ እንደ ወጣ ለሳምንታት ሳይመለስ ቆየ። ታኅሣሥ ላይ ከወረዳ ተቈጣጣሪ ይመጣል ተባለ። መምህራችን ደብተሩን ሰጡኝና «ጽሑፍህ ያምራል፤ ክፍተቱን ሙላው፤ ሁሉንም አለ በለው» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ፣ አውድማ ላይ በሬ ሲያዞር የሚውለውን ባልንጀራዬን በየቀኑ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት። ተቈጣጣሪው መጡ፤ ደብተሩን አገላበጡ፤ ተደሰቱ። መምህሬ አንድ ሰማያዊ ቢክ እስክሪብቶ ሸለሙኝ። የመጀመሪያዬ የራሴ እስክሪብቶ ነበረች። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መምህራችን ተቀይረው ሌላ መጡ። ባልንጀራዬ አልተመለሰም። የፈለገውም አልነበረም፤ በመዝገብ ላይ ያልጠፋን ልጅ ማን ይፈልጋል?

በ2001 ዓ.ም. አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች በሚገነቡበት ወቅት፣ እኔ ጀማሪ መምህር ሆኜ በተመደብኩበት ግቢ ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢት የተሸከመ ሰው በልጅነት መጠሪያዬ ጠራኝ። እሱ ነበር። ሻይ ጋበዝኩትና ብዙ አወራን። ለምን እንዳልተመለሰ ስጠይቀው እየሣቀ «የቀረሁበትን ቀን ይቈጥሩብኛል፣ ይገርፉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ‹ና› ቢለኝ እመጣ ነበር። ማንም አልመጣም» አለኝ። ስለ ደብተሩ አልነገርኩትም። እስካሁንም አልነገርኩትም።

ኑዛዜዬን እዚህ ላይ ገታ ላድርግና ወደ አገር ጉዳይ ልመለስ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲታወጅ ለትምህርት ከደረሱ የኢትዮጵያ ልጆች አብዛኞቹ ከትምህርት ቤት ውጭ ነበሩ። እስከ ዐሥረኛ ክፍል ክፍያ ቀረ፤ ትምህርት ቤቶች በየቀበሌው ተሠሩ፤ በሁለት ዐሥርታት ውስጥ አብዛኛው ልጅ ተመዘገበ። ይህን ሥራ መካድ ግፍ ነው። ችግሩ የተቈጠረው ነገር ላይ ነው። ጥቅል ተሳትፎ፣ ንጥር ተሳትፎ፣ መጠነ ማቋረጥ፣ መጠነ መድገም፤ ባለሥልጣኖቻችን በየመድረኩ ያነበቡልን እነዚህን ነው። መስከረም ላይ የተመዘገበና ሰኔ ላይ ለፈተና የተቀመጠ ልጅ በእነዚህ መለኪያዎች ሁሉ ፊት ሙሉ ተማሪ ነው። በመካከል ያሉትን ወራት የት እንዳሳለፋቸው የሚጠይቅ የለም። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍልማ በተከታታይ ምዘና ስም በቀጥታ ያልፍ ነበር።

ገንዘቡም መዝገቡን ተከተለ። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ድጎማ ያገኙ የነበረው በተማሪዎቻቸው ቍጥር ልክ ነው። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ከመምህሩ እስከ ርእሰ መምህሩ፣ ከወረዳው እስከ ክልሉ ድረስ «አለ» የሚለው ቃል ለሁሉም የሚጠቅም፣ «የለም» የሚለው ደግሞ ለማንም የማይበጅ ቃል ሆነ። ማንም ማንንም እንዲዋሽ አላዘዘም። የክፍል አለቃው ማድረግ የሚገባውን ያውቃል።

ጥር 2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተን በአንድነት ደነገጥን። ኩረጃው ነው፣ መምህሩ ነው፣ ቋንቋው ነው ተባለ፤ ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። እነዚያ ልጆች በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንቱን ቀን ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር ብሎ የጠየቀ ግን እኔ አልሰማሁም።

እስቲ ቀላል ሂሳብ እንሥራ። ስድሳ ልጆች ያሉበት አንድ ክፍል በሳምንት ሦስት መቶ የመገኛ ዕድሎች አሉት። በሳምንት ዐሥራ አምስቱ ቢባክኑ የክፍሉ መገኘት 95 በመቶ ነው፤ ሪፖርቱ ያስመሰግናል። አሁን እነዚያ ዐሥራ አምስት ቀሪዎች በየሳምንቱ በገበያ ቀን የሚቀሩ ያው ዐሥራ አምስት ልጆች ናቸው እንበል። እያንዳንዳቸው የዓመቱን አንድ አምስተኛ አጥተዋል። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል እንዲሁ ቢቀጥሉ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ጎድሎባቸዋል፤ ምስክር ወረቀታቸው ላይ ግን አምስቱም ዓመታት አሉ። አማካይ ቍጥር ልጅን ይደብቃል። በአሜሪካ ከትምህርት ቀናት ዐሥር በመቶና ከዚያ በላይ የቀረን ልጅ፣ በፈቃድም ይቅር ያለ ፈቃድ፣ ለብቻው ነጥለው የሚቈጥሩት ለዚህ ነው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ የወር አበባዋን በመፍራት በወር ሦስት ቀን ብትቀር በዐሥር ወር ሠላሳ ቀን ነው፤ ከዚያ መስመር አልፋለች ማለት ነው። መቀሌ ላይ ታጥቦ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ በማምረት የምትታወቀው ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት ስታገኝ ብዙዎቻችን እንደ በጎ አድራጎት ዜና አነበብነው። የትምህርት ፖሊሲ ዜና ነበር።

እኛ ግን መቅረትን የምናየው እንደ ጥፋት ነው። አርፍዶ የመጣ ልጅ በር ይዘጋበታል፤ የቀረ ልጅ «ወላጅህን ይዘህ ና» ይባላል። እናቱ ሌሊት ወጥታ ማታ የምትገባ ልጅ ማንን ይዞ ይመጣል? አንድ ቀን የቀረው ልጅ ወላጅ አጥቶ ሦስት ቀን ይጨምራል። በሩ ላይ ቆመው የሚመልሱት ጥበቃ የታዘዙትን ነው የሚፈጽሙት፤ መምህሩም ሥርዓት ማስከበሩ ነው። (መምህሩ ራሱ ስለ ትምህርት ጥራት በሚመክር የሁለት ቀን ስብሰባ ላይ ሲውል ክፍሉ ባዶ መዋሉን ግን ማንም «ቀሪ» ብሎ አይመዘግበውም።)

የተሠራ መልካም ሥራም አለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 የትምህርት ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀምር ፖለቲካዊ ትርኢት ነው ብለው ካሙት አንዱ ይህ ጸሐፊ ነበር። ተሳስቼ ነበር። ቁርስ በጠዋት በመሰጠቱ ብቻ በበሩ ላይ የሚያረፍደው ልጅ ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ። በረሃብ ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፎ ስለሚወድቅ ልጅ መምህራን የሚያወሩትም ያለፈ ነገር እንደሆነ አድርገው ነው። ምግብ ግን የሚደርሰው እስከ በሩ ለመጣ ልጅ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረችው መርሐ ግብር ልጃቸው ከትምህርት ቀናት 85 በመቶ ለተገኘላቸው እናቶች በእጃቸው ገንዘብ ትሰጥ ነበር። ይህን እኛ አገር ነገ ብንጀምረው፣ በያዝነው ደብተር ገናን ጨምሮ ለሁሉም እንከፍላለን።

በትውልድ ቀዬዬ ስላለው አልጽፍም፤ ብጽፍ ሌላ ጽሑፍ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት በኋላ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በሺዎች የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። እዚያ ስም የሚጠራም የለም።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። በሰኔ ወር ከክፍሉ ኃላፊ መምህርት ጋር የልጄ ጓደኛ ቤት ሄድን። የተቀበሉን አያቷ ናቸው፤ እግራቸውን ያማቸዋል። «እማማ፣ ልጅቷ ለምን ትቀራለች?» አልኳቸው።

«ቀርታ ታውቃለች እንዴ ልጄ? ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው እኮ። እናቷ ልብስ አጠባ ስትሄድ ሕፃኑን የሚይዝ ጠፍቶ። ሌላውን ቀንማ አስቀርቻት አላውቅም።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ትምህርት ቤቱም ምንም አላለን» ብለው ጨመሩ።

ከአምስት ቀን ሁለቱን። በየሳምንቱ። አያቲቱ አልዋሹም፤ ማንም ደምሮ አላሳያቸውም። መፍትሔው የተገኘው ከፖሊሲ ሳይሆን ከዚያው ግቢ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ምገባ ላይ በፈረቃ የሚሠሩ አንዲት ጎረቤት በእነዚያ ሁለት ጠዋቶች ሕፃኑን ሊይዙ ተስማሙ። ልጅቷ አሁን ትመጣለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ ጎረቤቲቱ ጠዋት ተረኛ ሲሆኑ ትቀራለች።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም ኅብረቱ ሦስት ነገር ወሰነ። ስም በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በመምህሩ እንጂ በክፍል አለቃ እንዳይጠራ፤ ያረፈደ ልጅ ከበር እንዳይመለስ፤ በሳምንት ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ቤት በዚያው ሳምንት ስልክ እንዲደወል። ከእኔ ይልቅ የደከሙት ርእሰ መምህርቷ ናቸው። ለስልክ ካርድ በጀት የሚባል ርእስ ስለሌለ ከኪሳቸው ሲሞሉ አይቻለሁ። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ መገኘታችን ከዘጠና በመቶ በታች ወረደ። እንዲያውም ልጆቹ ከቀድሞው የበለጠ ይመጡ ነበር፤ የወረደው ቍጥሩ ነው።

«ዶክተር፣ በዚህ ቍጥር ከወረዳው መጨረሻ ልንሆን ነው» አሉኝ። ሪፖርቱን ሁለታችንም ፈረምንበትና ተላከ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ካለፈው ዓመት ጋር ስለማይጣጣም ተስተካክሎ ይላክ የሚል ማስታወሻ ተያይዞበታል። ርእሰ መምህርቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ዝም አሉ። ጡረታቸው ሦስት ዓመት ቀርቶታል። እኔ ብሳሳት የምከፍለው ነገር የለም፤ እሳቸው ግን አላቸው። ስለዚህ ምንም አላልኩም።

«የገናውን ያዩት እርስዎ ነበሩ አይደል?» አሉኝ በመጨረሻ። አዎ አልኳቸው። ያንኑ ሪፖርት፣ ያንኑ ቍጥር፣ የቀሪዎቹን ስምና የቀሩበትን ምክንያት የያዘ ዝርዝር አያይዘው በማግሥቱ መልሰው ላኩት። መልስ አልመጣም። የቢሮው ስልክ በጮኸ ቍጥር ግን እስከ ዛሬ ይደነግጣሉ።